እህል ሳይነቅዝ እስከ ነሐሴ፦ ከስጡ እስከ ቋጠሮው

አየር የማያስገባውን የእህል ከረጢት ገዙ። እህሉን ሞሉ። አሰሩ። በሚያዝያ ሲከፍቱት ወይ ሻጋታ ሸተታቸው፣ ወይ ነቀዝ ይርመሰመስ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ይሄ ፒክስ የሚሉት ከረጢት ውሸት ነው።»

ውሸት አይደለም። ግን ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ አየር መከልከል። እርጥብ እህል አያደርቅም። የሻገተ አይመልስም። በላላ ቋጠሮ የሚገባውንም አየር አያስቆምም። ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ እህሉ በደንብ ሳይደርቅ ይገባል፣ ወይም አፉ እንደ ተራ ጆንያ ይታሰራል። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

መመሪያው ለገበሬም ነው፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ የዓመት ቀለቡን በኩንታል ለሚገዛ ከተሜም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በዋጋ ሲሰላ ከዓለም ምግብ 14 በመቶው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ገና ሱቅ ሳይደርስ ይጠፋል። ይህን ለማትረፍ ተጨማሪ መሬት ማረስም ሆነ ተጨማሪ ዩሪያ መግዛት አያስፈልግም። ታርሶ፣ ታርሞ፣ ታጭዶ ያለቀ እህል ነው።

ነቀዙ ከየት ይመጣል?

ይህን ሳይረዱ የሚጀምሩ ሰዎች መሀል ላይ ይሰለቻሉ፤ ስለዚህ አንዴ አንብቡት።

ሴቷ ነቀዝ የበቆሎውን ፍሬ በአፏ ትቦረቡራለች። እንቁላሏን ትጥላለች። ቀዳዳውን ሰም በሚመስል ነገር ትደፍነዋለች። ከላይ ስታዩት ፍሬው ጤነኛ ነው። ትሉ ውስጥ ሆኖ እየበላ ያድጋል፤ ሞቅ ባለ ቦታ ከ5 ሳምንት ገደማ በኋላ ነቀዝ ሆኖ በስቶ ይወጣል። «ስሞላው ምንም አልነበረበትም» የሚባለው ለዚህ ነው። ነበረበት። ብዙ ጊዜ ከማሳው ይዞት ነው የሚመጣው።

ከረጢቱ በደንብ ሲዘጋ ነቀዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰዋል። ከዚያ መብላት ያቆማል። ነቀዝ ውሃ አይጠጣም፤ የሚያስፈልገውን ውሃ ሰውነቱ የሚያገኘው ምግቡን በኦክስጅን አቃጥሎ ነው። ኦክስጅን ሲያጣ ውሃም ያጣል። በጥም ደርቆ ይሞታል። እንቁላሉም አይፈለፈልም፣ ትሉም አያድግም። መድኃኒት የለም፣ ጭስ የለም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ከውጭ አዲስ አየር ካልገባ ብቻ ነው። የመርፌ ቀዳዳ ታክል እንኳ ብትሆን ታበላሻለች።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ከረጢት። ፒክስ ሦስት ንብርብር አለው፦ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ የተሸመነ ማዳበሪያ። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱም ላስቲኮች መኖራቸውን ቁጠሩ። እንደ ግሬይንፕሮ ያሉ ደግሞ አንድ ላስቲክ ብቻ ሆነው በራሳችሁ ማዳበሪያ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። አሠራሩ ያው ነው።
- ሸራ ወይም ንጹሕ ሰፊ ላስቲክ፣ ለማስጫ።
- ሰፌድና ወንፊት።
- ክዳኑ የሚገጥም የደረቀ ጠርሙስና ደረቅ ጨው።
- ለእያንዳንዱ ከረጢት ሦስት ጠንካራ ሲባጎ። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቀደደ ጎማ ካገኛችሁ ከሲባጎ ይሻላል፤ ይለጠጥና ይጨብጣል።
- ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ርብራብ።
- አንድ ረዳት። መሙላቱም ማሰሩም ለብቻ አይመችም።

ደረጃ 1፦ በጊዜው ሰብስቡ

በቆሎ ከደረሰ በኋላ ማሳ ላይ በቆየ ቁጥር ነቀዝ ይበዛበታል። መድረሱን ለማወቅ አንድ ፍሬ ከቆረቆንዳው ንቀሉና ሥሩን እዩ። ጥቁር ነጥብ ካለ ደርሷል። ከዚያ በኋላ መጠበቅ የሚጠቅመው ነቀዙንና ዝንጀሮውን ነው።

መሬት ላይ ወድቆ የተገኘውን ከቆመው ጋር አትቀላቅሉ። ለብቻው ይቀመጥ፣ ቶሎ ይበላ።

ስትፈለፍሉ በቆሎውን ማዳበሪያ ውስጥ ከትታችሁ በዱላ አትውቁት። ፍጥነት አለው፣ ግን ፍሬውን ይሰነጥቃል። የተሰነጠቀ ፍሬ ለሻጋታ በሩ ክፍት ነው። በእጅ ወይም በመፈልፈያ ይሁን።

ደረጃ 2፦ አስጡ

1. ሸራውን ጠፍጣፋ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ላይ ዘርጉ። ባዶ መሬት ላይ ማስጣት አይሆንም፤ እህሉ ከታች እርጥበት ይስባል፣ አፈርና ሻጋታ ያነሣል። አስፋልት ዳር ማስጣቱም ይቅር። ቶሎ ይደርቃል፣ እውነት ነው፤ ግን አሸዋው፣ የመኪና ዘይቱና የሚደቀው ፍሬ አብሮ ነው የሚመጣው።
2. እህሉን በስሱ በትኑ። ውፍረቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ወፈር ካለ ከላይ ይደርቃል፣ ከታች ይታፈናል።
3. በየግማሽ ሰዓቱ አገላብጡ። የሚሰለቸው ይህ ነው፤ ልዩነት የሚያመጣውም ይኸው ነው። ስጥ ጠባቂው ልጅ ዶሮ ማባረር ብቻ ሳይሆን ማገላበጡም ሥራው መሆኑን ንገሩት።
4. ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰብስቡ፣ ሸፍኑ፣ ጣራ ሥር አሳድሩ። ሜዳ ላይ ካደረ ጤዛው የቀኑን ሥራ ይመልሰዋል።
5. በማግስቱ ጤዛው ከረገፈ በኋላ እንደገና አስጡ።

«ስንት ቀን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ቀን አትቁጠሩ። የባሕር ዳር ፀሐይና የደብረ ብርሃን ፀሐይ አንድ አይደሉም። የሚፈርደው ፈተናው ነው።

ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣ፦ የሸራውን አራት ማዕዘን አንሡና ወደ መሀል ሰብስቡ፣ ላዩን ሸፍኑ። ዝናቡ ካልቆመ ቤት ውስጥ በስሱ በትኑት፤ ክምር አድርጋችሁ አትተዉት። እጃችሁን ክምሩ ውስጥ ክተቱ። ከሞቀ ውስጡ እየታመሰ ነው፤ ያኔውኑ ዘርጉት፣ በሌሊትም ቢሆን።

ለዘር የምታስቀምጡትን ጥቁር ላስቲክ ላይ በቀትር አታስጡ። በጣም ይግላል፣ የዘሩን የመብቀል ኃይል ይገድላል።

ደረጃ 3፦ ድርቀቱን ፈትኑ

ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን አሳጥሩ፤ ይህንን ግን አትዝለሉ።

ግቡ ይህ ነው፦ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ባቄላና ሽምብራ ወደ ከረጢት ሲገቡ እርጥበታቸው ከ13 በመቶ የማይበልጥ ይሁን። ለውዝ፣ ሰሊጥና ኑግ ዘይት ስላላቸው ከዚያ በጣም የደረቁ፣ ከ7 እስከ 8 በመቶ መሆን አለባቸው።

የተሻለው መንገድ የእርጥበት መለኪያ ነው። ቀበሌያችሁ ያለችውን የልማት ሠራተኛ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ጠይቁ፤ እህል የሚረከብ ማኅበር መለኪያው ሊኖረው ይችላል። ከሌለ የጨው ፈተናውን አድርጉ።

የጨው ፈተና

1. ጨዉን ምጣድ ላይ አመስ አመስ አድርጋችሁ አድርቁና አቀዝቅዙ። ከጓዳ እንደወጣ አትጠቀሙ። ጨው ራሱ እርጥበት ስለሚስብ ፈተናውን ያሳስታል።
2. ጠርሙሱ ከውስጥ ድርቅ ያለ ይሁን። አሁን የታጠበ ጠርሙስ አይሆንም።
3. እህል ከስጡ ከአምስት ስድስት ቦታ ዝገኑ፦ ከዳር፣ ከመሀል፣ ከታች። ከላይ ብቻ መዝገን ራስን ማታለል ነው።
4. የጠርሙሱን ሲሶ በእህሉ ሙሉ። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ።
5. ክዳኑን ግጠሙና ደህና አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ነቅንቁ።
6. ጠርሙሱን 15 ደቂቃ አስቀምጡ።
7. ወደ ብርሃን አንሡና የጠርሙሱን ግድግዳ እዩ።

ጨዉ መስታወቱ ላይ እንደ ውርጭ ተለጥፎ ከቀረ እህሉ እርጥብ ነው፤ ወደ ስጡ ይመለስ። ጨዉ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፈተናው የሚነግራችሁ ከ15 በታች መሆኑን ነው። እናንተ የምትፈልጉት 13 ነው። ስለዚህ ፈተናውን ያለፈውን እህል አንድ ሙሉ ፀሐያማ ቀን ጨምራችሁ አስጡት። «አለፈ» ብሎ ያኔውኑ መሙላት ብዙ ከረጢት አበላሽቷል።

ይህ ፈተና ለሰሊጥ፣ ለኑግና ለለውዝ አይሠራም። እነሱን ያለ መለኪያ አየር በማያስገባ ከረጢት ባታስቀምጡ ይሻላል።

ጥርስስ? ሽማግሌዎች ፍሬውን ነክሰው ይለያሉ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ጥርስ ከያዘ ገና ነው። እርጥቡን ለመለየት ጥሩ ነው። ግን ጥርስ 13ን ከ15 አይለይም።

አቀዝቅዙ

እህሉን ከፀሐይ እንዳነሣችሁ ትኩሱን አትሙሉ። ትኩስ እህል ከረጢት ውስጥ ሲቀዘቅዝ ላስቲኩ ያልበዋል፣ ጠብታውም እዚያው እህሉ ላይ ይወርዳል። ጣራ ሥር ሸፍናችሁ አሳድሩ፣ ጠዋት ሙሉ።

ደረጃ 4፦ አበጥሩ፣ ልቀሙ

ገለባውን፣ አቧራውንና ስባሪውን በሰፌድና በወንፊት አውጡ። ሹል ነገር ሁሉ ይለቀም፦ ጠጠር፣ የቆረቆንዳ ስባሪ፣ እሾህ። እነዚህ ላስቲኩን ይበሳሉ። የሻገተ ፍሬ ካያችሁ አውጡና ጣሉ።

ያረጀ እህል ካለፈው ዓመት ተርፎ ከሆነ ከአዲሱ ጋር አትደባልቁ።

ደረጃ 5፦ ከረጢቱን ፈትሹ

አዲስም ቢሆን ፈትሹ።

1. አንዱን ላስቲክ አውጡ፣ አፉን ከፍታችሁ አየር ቅለቡበት።
2. አፉን በእጃችሁ ጨምድዳችሁ ያዙ።
3. ቀስ ብላችሁ ጨመቅ አድርጉና ጉንጫችሁን አስጠጉ። በላስቲኩ ዙሪያ አዙሩት። የሚያመልጥ አየር ጉንጭ ላይ ይታወቃል፤ ጸጥ ባለ ቦታ ደግሞ ይሰማል።
4. ሁለተኛውን ላስቲክም እንዲሁ።

ትንሽ ቀዳዳ ካገኛችሁ ከውስጥም ከውጭም ሰፋ ያለ ፕላስተር ለጥፉ፣ ከዚያ እንደገና ሞክሩ። ጣት የሚያስገባ ከሆነ ግን ያ ላስቲክ ለሌላ ሥራ ይዋል። ለምነህ ለጥፈህ የምታድነው አይደለም።

ደረጃ 6፦ ሙሉ

1. አንዱን ላስቲክ ሌላው ውስጥ አስገቡ። ሁለቱንም የተሸመነው ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱ። ማዕዘኖቹ ከማዕዘኖቹ ጋር ይግጠሙ፤ ላስቲኩ ከተጠማዘዘ ክብደቱ ሲመጣ ይቀደዳል።
2. የሦስቱንም አፍ ወደ ውጭ እጠፉት፣ እንደ ተገለበጠ የሸሚዝ እጅጌ።
3. ጥቂት ጣሳ እህል አፍሱና ከረጢቱን ነቅነቅ አድርጉት። ታችኛው በደንብ ይቀመጥ።
4. ቀስ በቀስ ሙሉ። በየመሀሉ ነቅንቁ፣ ጎኑን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉ። በፍሬው መካከል ያለው አየር ይወጣል። ረዳታችሁ አፉን ይያዝ። ቀለበት ያላችሁ አውልቁ፣ ጥፍራችሁን ተጠንቀቁ።
5. ከላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ። ለአንድ ጣሳ ብላችሁ እስከ አፉ ከሞላችሁት ለማሰሪያ የሚሆን ላስቲክ አይቀርላችሁም።

እህሉ ከረጢቱን የማይሞላ ከሆነ ግማሽ አየር ይዛችሁ አትሰሩ። ላስቲኩን እህሉ ድረስ ጨፍልቃችሁ አየሩን አስወጡና እዚያው፣ እህሉ ላይ፣ እሰሩ።

ደረጃ 7፦ እሰሩ

ሦስቱን በአንድ ላይ አፍሶ አንድ ገመድ ማሰር ትልቁ ስሕተት ነው። በጣም የተለመደም ነው። ሦስት ንብርብር፣ ሦስት ቋጠሮ።

1. የውስጠኛውን ላስቲክ አፍ ጥረጉ። እጥፋቱ ላይ የቀረች አንዲት ፍሬ ወይም ገለባ ማሰሪያው ውስጥ ከገባች አየር የሚያልፍበት መንገድ ትከፍታለች።
2. በሁለት እጃችሁ ከእህሉ ገጽ ጀምራችሁ ላስቲኩን ወደ ላይ እየጨመቃችሁ አየሩን አስወጡ።
3. ጠምዝዙት። ገመድ እስኪመስል፣ ከዚህ በላይ አልዞርም እስኪል ድረስ።
4. የተጠመዘዘውን ሁለት እጠፉት።
5. የታጠፈበትን ከሥሩ በሲባጎ ወይም በጎማ ደጋግማችሁ ጠምጥሙና አጥብቃችሁ እሰሩ።
6. ከረጢቱን በመዳፋችሁ ተጫኑት። ፉት የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ፍቱና ከ2 ጀምሩ።
7. ሁለተኛውን ላስቲክ በተመሳሳይ መንገድ ለብቻው እሰሩ።
8. በመጨረሻ የተሸመነውን እሰሩ።

ማዳበሪያውን በወስፌ አትስፉ። ልማድ ሆኖ ከረጢቱን ከሞሉ በኋላ ወስፌ የሚያነሱ አሉ። አንድ ጥልፍ ካለፈ ለላስቲኩ የከፈላችሁት ብር ሄደ።

ካሰራችሁ በኋላ የውጩ ማዳበሪያ ላይ በማርከር ጻፉ፦ የእህሉ ዓይነት፣ የታሰረበት ቀን፣ መከፈት ያለበት ወር። በሐምሌ የትኛው ስንዴ የትኛው ገብስ እንደሆነ ለማወቅ እየፈቱ ማየት አይቀርም፤ ያ እንዳይሆን ነው።

ደረጃ 8፦ ቦታ ስጡት

- ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ይራቅ፤ ድመትም እናንተም ዙሪያውን ማለፍ አለባችሁ።
- ፀሐይ አያግኘው፣ ዝናብ አይፍሰስበት። ቀን የጋለ፣ ሌሊት የቀዘቀዘ ከረጢት ውስጡን ያልበዋል።
- ከሥሩ የፈሰሰ እህል አይቅር። አይጥ የሚጠራው እሱ ነው። ከረጢቱ ነቀዝን እንጂ አይጥን አይከለክልም።
- ስትወስዱ ተሸከሙ። አትጎትቱ፣ በብረት መንጠቆ አትያዙ፣ ከጋሪ አትወርውሩ።

ደረጃ 9፦ ጠብቁ

ቢያንስ ሁለት ወር አትክፈቱ። ሦስት ቢሆን ይመረጣል። «እስቲ ምን ሆነ» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት መክፈት ማለት ሊሞት የደረሰውን ነቀዝ አየር ማጠጣት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ትልቁ ምክሬ ይህ ነው፦ የምትበሉትን ከምታቆዩት ለዩ። በየሳምንቱ እየፈታችሁ ለወፍጮ የምትቀዱበት ከረጢት ከተራ ጆንያ አይሻልም። እስከ መጋቢት የሚበላውን በተለመደው ዕቃ አስቀምጡ። ለክረምት የሚሆነውን አስራችሁ ተዉት። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ካገኛችሁ ለቤተሰብ እሱ ይሻላል፤ አንዴ ሲከፈት ቶሎ ያልቃል።

ለሚሸጥም ሰው ነገሩ ያው ነው። ጥር ላይ ሁሉም ያመጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። ነቀዙን ፈርቶ ያኔ የሚሸጥ ገበሬ ሐምሌ ላይ መልሶ በውድ ይገዛል። ታስሮ የተቀመጠ ኩንታል ቢያንስ የሚሸጥበትን ወር ይመርጣል።

ሲከፈት የማይሆን ነገር ካገኛችሁ

በሕይወት ያለ ነቀዝ አለ። አየር ገብቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ቋጠሮውን፣ ከዚያ ላስቲኩን መርምሩ። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ እህሉን አስጡ፣ አበጥሩ፣ በጤነኛ ላስቲክ እንደገና እሰሩ።

ውስጠኛው ላስቲክ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ነቀዙ ሳይሞት በፊት ለማምለጥ ሞክሯል። ሁለተኛው ላስቲክ ደህና ከሆነ እህሉም ደህና ነው። ሁለት ላስቲክ የተደረገው ለዚህ ነው።

የላስቲኩ ግድግዳ አልቦታል። ወይ ትኩስ ሞልታችኋል፣ ወይ ፀሐይ አግኝቶታል፣ ወይ አልደረቀም። ሻጋታ ከሌለ ያኔውኑ አስጡና የጨው ፈተናውን ድገሙ።

ጠላ ጠላ ይሸታል። እርጥብ ገብቶ ፈልቷል። ማስጣት ሽታውን ሊቀንሰው ይችላል፣ እህሉን ግን ወደ ነበረበት አይመልሰውም። ዘር አይሆንም።

ሻግቷል። እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። «ለጠላ ይሆናል» ወይም «ለላሟ ይሰጣል» አትበሉ። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። መቀቀልም መቁላትም አያጠፋውም። ጉበት ያጠቃል። ላሟ ከበላችው ወተቷ ውስጥ ይወጣል፣ ልጅ ይጠጣዋል። የሻገተውን ቅበሩት።

አይጥ ቀዶታል። ቀዳዳው አጠገብ ያለውን እህል አውጡና ጣሉ። የቀረውን አበጥራችሁ ወደ ሌላ ከረጢት አዙሩ።

ስለ ኪኒኑ

«ለማንኛውም» ብሎ ከረጢቱ ውስጥ ፎስቶክሲን የሚባለውን የነቀዝ መግደያ ኪኒን የሚጨምር ሰው አለ። አትጨምሩ። ኪኒኑ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዝና ሰው አይለይም። እህል የሚቀመጥበት ቤት ብዙ ጊዜ ሰው የሚተኛበት ቤት ነው፤ ጋዙን ተንፍሰው ያደሩ ቤተሰቦች አልቀዋል። ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም።

በደንብ በታሰረ ከረጢት ደግሞ ኪኒኑ ትርፍ ነው። ከረጢቱን ስትከፍቱ የታፈነው ጋዝ ፊታችሁ ላይ ነው የሚወጣው።

ኪኒን የተደረገበት እህል ያለበት ቤት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ከሸተታችሁ፣ ወይም ማቅለሽለሽ፣ ራስ ማዞር፣ ደረት መጨነቅ ከመጣ፣ ሁሉም ሰው ያኔውኑ ይውጣ። በር ክፈቱና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሽታ አለመኖሩ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም።

ከረጢቱ ካልተገኘ

አየር የማያስገባ ማንኛውም ንጹሕ ዕቃ ይሠራል። ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለዘር በጣም ጥሩ ነው። እጠቡት፣ ለቀናት አፉን ደፍታችሁ አድርቁት። እህሉን እስከ አፉ ድረስ ሙሉ፤ ባዶ ቦታ ማለት አየር ነው። ክዳኑ ሥር የላስቲክ ቁራጭ አድርጉና አጥብቁ። ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ግን በፍጹም አይሆንም፣ መቶ ጊዜ ቢታጠብም።

ጤፍ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ፍሬው ለነቀዙ ትል ማደሪያ አይበቃም። ለጤፍ ከረጢት አታባክኑ፤ ከእርጥበትና ከአይጥ ጠብቁት፣ ይበቃዋል።

ከሀገር ቤት ሽሮና በሶ የሚላክላችሁ ውጭ ሀገር ያላችሁ ደግሞ ከረጢት አትፈልጉም፣ ፍሪዘር አላችሁ። በደንብ በታሸገ ፌስታል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አራት ቀን አቆዩት። ካወጣችሁ በኋላ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ሳትከፍቱ ጠብቁ፤ ያኔውኑ ከከፈታችሁት ያልበውና ይጓጉላል።

ከረጢቱን ለከርሞ

በአግባቡ የተያዘ ከረጢት እስከ ሦስት የምርት ዘመን ያገለግላል። ሲያልቅ ላስቲኮቹን ገልብጡ፣ አራግፉ፣ ጥላ ላይ አናፍሱ። የሞተ ነቀዝ ማዕዘን ላይ ይቀራል፣ በጨርቅ ጥረጉት። ጠቅልላችሁ አይጥ ከማይደርስበት አንጠልጥሉ። ከመሙላታችሁ በፊት ደረጃ 5ን ድገሙ። ሁለት አሮጌ ከረጢት ውስጥ አንዳንድ ደህና ላስቲክ ከተገኘ ሁለቱን አገናኝታችሁ አንድ ጤነኛ ከረጢት ይወጣዋል።